የላንድ ክሩዘርን ማንዋል ካምቢዮ በአውቶማቲክ መቀየር፦ ለሰሜን ሸዋ ዳገትና ቁልቁለት

ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድ ክሩዘር ላይ ያለውን ማንዋል ካምቢዮ አውርዶ አውቶማቲክ መስቀል የሚቻል ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ይገጥማል አይገጥምም ብሎ ነው። እሱ ግን የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ካምቢዮው ዕድሜ እንዲኖረው የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣና ከነዳጅ ፖምፓው ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ኬብል ናቸው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማበር የሚወጣ መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል። ሜዳ ላይ ዓመታት የሚቆይ ስህተት እዚህ ዳገት ላይ በአንድ ቀን ይወጣል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ይህ ለውጥ ለእርስዎ መኪና ይበጃል?

1ኤችዜድ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ገደማውን ያጣል፤ መሐል ሜዳና ጓሳ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አውቶማቲክ ካምቢዮ በበኩሉ ከቀረው ጉልበት ላይ የተወሰነውን በሙቀት መልክ ይወስዳል። ስለዚህ ባለ 1ኤችዜድ መኪና ከለውጡ በኋላ ዳገት ላይ ትንሽ እንደሚዘገይና ነዳጅ እንደሚጨምር ከወዲሁ ይወቁ። ሞተሩ ቱርቦ ያለው 1ኤችዲ-ቲ ከሆነ ለውጡ እጅግ ያምራል።

ጥቅሙም እውነተኛ ነው። በክረምት የመንዝ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ፍሪሲዮን እያቃጠሉ ከመንፏቀቅ፣ ጉልበቱን ሳያቋርጥ ቀስ አድርጎ የሚገፋ አውቶማቲክ መኪናውን ቶሎ ያወጣል። ድንጋያማ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳትም ጭንቀት አይሆንም። ጉልበቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ሹፌር ደግሞ የበለጠ ይጠቀማል።

ዋናው ጉዳት ቁልቁለት ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥሩን ማየት ይሻላል። ኤች151ኤፍ የተባለው ማንዋል ካምቢዮ የአንደኛ ማርሹ ምጣኔ 4.08 ነው፤ የቀድሞው ኤች55ኤፍ ደግሞ 4.84 ነው። የኤ440ኤፍም ሆነ የኤ442ኤፍ አውቶማቲክ አንደኛ ማርሽ ግን 2.95 ብቻ ነው። ሪዶታው (ጉልበት የሚጨምረው ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ) 2.488፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 የሆነ ባለ 80 (የ80 ተከታታይ) ላንድ ክሩዘር እንውሰድ። በኤች151ኤፍ አንደኛ ሪዶታ ላይ ሞተሩ 41.6 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በአውቶማቲኩ 30 ጊዜ ብቻ ነው። ሽቅብ ሲወጡ ቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፋንታ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱን ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚያበዛው ጉድለቱን ይክሳል። ቁልቁል ሲወርዱ ግን አይክስም። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ወይም ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና ከቀድሞው የበለጠ ፍሬን ይፈልጋል። ስለዚህ የፍሬኑ ሸራ፣ ዲስኩና ዘይቱ አዲስ ካልሆነ ለውጡን አይጀምሩ።

የትኛው ካምቢዮ?

ደንቡ አንድ ነው፦ ፋብሪካው ከዚያው የሞተር ዝርያ ጋር የገጠመውን ካምቢዮ ይፈልጉ። 1ኤችዜድና 1ኤችዲ-ቲ የኋላ ፊታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ከቱርቦው ባለ 80 ላንድ ክሩዘር የወጣ ኤ442ኤፍ ከነቤል ሃውሲንጉ (ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የፊት ቤቱ) 1ኤችዜድ ላይ ይቀመጣል። ባለ 80 መኪና በማንዋልም በአውቶማቲክም ስለተሠራ ወለሉም ሻንሲውም ለሁለቱም የሚሆን ነው፤ በብየዳ የሚደክሙበት ነገር ጥቂት ነው። ባለ 75፣ 78 ወይም 79 መኪና ከሆነ ግን ካምቢዮውን ተሸካሚው አግዳሚ ብረት (ክሮስ ሜምበር)፣ የወለሉ ቀዳዳና ሁለቱም ፕሮፔለር ሻፍቶች መሠራት አለባቸው።

ከቤንዚን መኪና የወጣውን አይግዙ። የ3ኤፍ-ኢ ቤንዚን ሞተር ኤ440ኤፍ ከውጭ ሲታይ ይመሳሰላል፤ ቤል ሃውሲንጉ ግን አይገጥምም፣ ኮንቨርተሩና ማርሽ የሚለውጥበት ፍጥነትም ለቤንዚን ሞተር የተለካ ነው። በርካሽ ይገኛል ተብሎ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ኤ440ኤፍ ማርሹን የሚለውጠው በዘይት ግፊት ብቻ ስለሆነ ኮምፒዩተር አይፈልግም። ኤ442ኤፍ ላይ ግን ኮንቨርተሩን የሚቆልፈው (ሎክ አፕ) በኤሌክትሪክ ሶሌኖይድ ስለሆነ ኮምፒዩተሩን፣ ሽቦውንና ሴንሰሮቹን አብረው መውሰድ አለብዎት። ኮምፒዩተሩ ከሌለ ካምቢዮው መኪናውን ሊያስኬድ ይችላል፤ ኮንቨርተሩ ስለማይቆለፍ ግን ረጅም መንገድ ላይ ሳያቋርጥ እየተንሸራተተ ዘይቱን ያሞቃል።

ወደ መለዋወጫ ገበያ (ሶማሌ ተራ) ሲሄዱ

ካምቢዮ ብቻውን አይግዙ። ሻጩ «የቀረውን በኋላ አመጣለሁ» ቢልዎ ይለፉት፤ አንዲት ትንሽ ሮንዴላ ፍለጋ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ወር ይቆማል። በአንድ ላይ መምጣት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦

- ካምቢዮው ከነቶርክ ኮንቨርተሩና ከነትራንስፈር ኬዙ (ሪዶታው)
- ፍሌክስ ፕሌቱ (በቮላኖው ፋንታ የሚገባው ስስ ሰሌዳ)፣ ከፊትና ከኋላው የሚገቡት ሁለት ቀለበት ሰሌዳዎች፣ ከክራንክ ሻፍት ጋር የሚያስሩት ቡሎኖችና ስድስቱ የኮንቨርተር ቡሎኖች
- ሞተሪኖው
- የማርሽ ዘንጉ ከነማገናኛው፣ የነዳጅ ኬብሉ፣ ፖምፓው ላይ ኬብሉን የሚይዘው ቅንፍና መጎተቻው
- የዘይት መለኪያ ዘንጉ ከነቱቦው፣ የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ፣ የአውቶማቲኩ ራዲያተር
- የፒ (ማቆሚያ) እና የኤን (ባዶ ማርሽ) ማስነሻ ስዊች፣ ሽቦው ሳይቆረጥ ከነሶኬቱ፣ ኮምፒዩተሩ
- ሰፊው የፍሬን ፔዳል፣ ክሮስ ሜምበሩ፣ የሚገኝ ከሆነ ሁለቱም ፕሮፔለር ሻፍት

የነዳጅ ኬብሉ ካምቢዮው ላይ ተቆርጦ ከመጣ ኮፓው (የካምቢዮው የታች ዘይት ቋት) ካልወረደ አይቀየርም፤ ስለዚህ ሲገዙ ጫፉን ይዩ። ለጋሹ መኪና (ካምቢዮው የወጣበት) ባለ ቀኝ መሪ ከነበረ የፍሬን ፔዳሉና የማርሽ ዘንጉ ሳጥን ለግራ መሪ አይሆኑም፣ የሽቦው ርዝመትም አይበቃም፤ እነዚህን ለብቻ ይፈልጉ።

ካምቢዮው ውስጡ ጤነኛ መሆኑን የሚያውቁት ኮፓውን ሲያወርዱ ነው። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ጋ ይሂዱ። ኮፓው ውስጥ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ። በጣትዎ ሲነኩት እንደ ግራጫ ቅባት የለሰለሰ ብናኝ ከሆነ የተለመደ መበላት ነው። በብርሃን የሚያብለጨልጭ ስብርባሪ፣ ቢጫ የነሐስ ቅንጣት ወይም ጥቁር የፍሪክሽን (ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚይዙት ሸራዎች) ቁራጭ ካለ ግን ያ ካምቢዮ ሙሉ ጥገና ይፈልጋል። ዘይቱ ቀይ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቡኒ ሆኖ ያረረ ነገር ከሸተተ አይውሰዱት። የኮንቨርተሩን አንገት በመዳፍዎ ይዳስሱ፤ ጥልቅ ቧጨራ ካለው አዲሱን ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ቀለበት) በሳምንት ይበላዋል።

ማውረድ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። መኪናውን ጠንካራ ማሳረፊያ ላይ ያስቀምጡ፤ በክሪክ ብቻ አይግቡበት። ዘይቶቹን ያፍስሱ፣ ፕሮፔለር ሻፍቶቹን ምልክት አድርገው ይፍቱ፣ ማርሚታውን ያላቁ፣ የእጅ ፍሬን ገመዱን፣ የኪሎ ሜትር ገመዱንና የኋላ ማርሽ መብራቱን ሽቦ ያውጡ፣ ሞተሪኖውን ይፍቱ። የሞተሩን የኋላ ክፍል ከዘይት ቋቱ ሥር ወፍራም እንጨት አድርገው ይደግፉ፤ ካልተደገፈ ወደ ኋላ ተደፍቶ የቬንትሌተሩን ሽፋንና የራዲያተር ጎማዎቹን ይሰብራል። ካምቢዮው ከነሪዶታው ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነ በካምቢዮ ክሪክ ይውረድ። ሰው ደረቱ ላይ አስደግፎ የሚያወርድበት ልማድ አደገኛ ነው፤ ፈጽሞ አያድርጉት።

ፍሪሲዮኑንና ቮላኖውን ያውልቁ። የክራንክ ሻፍቱ ጀርባ መሐል ላይ የምትቀመጠውን ትንሿን ኩሽኔታ ማውጣት አይርሱ። የኮንቨርተሩ አፍንጫ የሚገባው እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ኩሽኔታዋ ከቀረች ኮንቨርተሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ የካምቢዮውን ፖምፕ ይሰብራል። ሞተሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የክራንክ ሻፍቱን የኋላ ፓራኦሊዮ ይቀይሩ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ በኋላ ቢያፈስ ግን ይህን ሁሉ ሥራ እንደገና ያሠራል።

ፍሌክስ ፕሌትና ኮንቨርተር

የቮላኖውን ቡሎኖች ለፍሌክስ ፕሌት አይጠቀሙ። ቮላኖ ወፍራም፣ ፍሌክስ ፕሌት ስስ ስለሆነ ረጅሙ ቡሎን ቀዳዳው ውስጥ መጨረሻ ነክቶ የጠበቀ ይመስላል፤ ፕሌቱ ግን ልል ሆኖ ይቀራል። ለጋሹ ይዟቸው የመጡትን ቡሎኖችና ሁለቱን ቀለበት ሰሌዳዎች በቦታቸው ይመልሱ፤ በፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ልክ በቶርክ ሬንች፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተሻገሩ ያጥብቁ። ከዚያ ዳያል ጌጅ ደግፈው ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። የፕሌቱ መወላገድ ከ0.20 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ኮንቨርተሩንም ለብቻው ፕሌቱ ላይ አስረው አንገቱን ይለኩ፤ ከ0.30 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ቡሎኖቹን ፈትተው አንድ ቀዳዳ አዙረው እንደገና ይሞክሩ። ቦታው ሲገኝ በቀለም ምልክት ያድርጉ።

አሁን ኮንቨርተሩ ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። መጀመሪያ አንድ ሊትር ያህል የካምቢዮ ዘይት ውስጡ ያፍስሱ። አንገቱን ዘይት ቀብተው ያስገቡና በሁለት እጅዎ እየገፉ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ሦስት ጊዜ መግባት አለበት፦ አንዴ የመሐሉ ዘንግ ጥርስ፣ አንዴ የስታተሩ ጥርስ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የፖምፑ ሁለት ጆሮዎች። ሦስተኛውን እጅዎ ይሰማዋል፤ «ጥም» ብሎ ይሰምጣል። ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ያለቀ ይመስለውና ያቆማል። ቀጥ ያለ ብረት ቤል ሃውሲንጉ ጠርዝ ላይ አጋድመው እስከ ኮንቨርተሩ የቡሎን ፊት ያለውን ጥልቀት ይለኩ፤ ፍሌክስ ፕሌቱ ከሞተሩ ፊት ምን ያህል ወጣ እንዳለም ይለኩ። የኮንቨርተሩ ጥልቀት ከፕሌቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት።

ካምቢዮው ወደ ሞተሩ ሲጠጋ ቤል ሃውሲንጉ በእጅ ግፊት ብቻ ሙሉ በሙሉ ሞተሩን መንካት አለበት። ክፍተት ቀርቶ በቡሎን ስቦ ለማስጠጋት ከሞከሩ ፖምፑ ይሰበራል፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከዚህች ደቂቃ ነው። ከተገጣጠመ በኋላ ኮንቨርተሩን በታችኛው መስኮት በኩል በጣትዎ ያዙሩት። በነፃ መዞርና ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ተስቦ ፕሌቱን መንካት አለበት። ስድስቱን ቡሎኖች መጀመሪያ በጣት ብቻ ያስገቡ፣ ሁሉም ከገቡ በኋላ ሞተሩን በፊት ፑሊው እያዞሩ ያጥብቋቸው።

ሞተሪኖውን ከመግጠምዎ በፊት የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጠው የጥርሱን ቁጥርና የአፍንጫውን ርዝመት ያነጻጽሩ። ካልተመሳሰሉ ከፍሌክስ ፕሌቱ ጋር የመጣውን ይግጠሙ።

ክሮስ ሜምበርና ፕሮፔለር ሻፍት

አግዳሚው ብረት ሲሠራ ካምቢዮው በፊት የነበረውን ዝንባሌ እንዲይዝ ያድርጉ፤ ከኋላው ተነሥቶ ወይም ወርዶ ከታሰረ ክሮቸራዎቹ ማዕዘናቸው ይዛባና ከ70 እና 80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ካምቢዮውን በብረት ላይ በቀጥታ ሳይሆን በጎማ ሳፖርቶ ላይ ያሳርፉ። ብየዳው ሻንሲው ላይ ከሆነ የባትሪው ሁለቱም ገመድና የኮምፒዩተሩ ሶኬት መነቀሉን ያረጋግጡ።

የፕሮፔለር ሻፍት ልክ የሚወሰደው መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ስፕሪንጉ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ የተለካ ሻፍት መሬት ሲነካ ያጥራል ወይም ይረዝማል። ተንሸራታቹ ጥርስ ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የመግባት ቦታ ይቅርለት፤ ይህ ከሌለ የመጀመሪያው ትልቅ ጉድጓድ ላይ ሻፍቱ ሪዶታውን ወደ ፊት ይመታዋል። ቶርኖ ቤት ሲያሳጥሩት ሁለቱ ጫፎች በአንድ መስመር መሆናቸውንና ባላንስ መደረጉን ይከታተሉ። ባለ 80ው ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሪዶታ ከሆነ ወደ ባለ 70 መኪና ሲገባ የፊት ሻፍቱ ሁልጊዜ ይሽከረከራል፤ የፊት ጎማ ሃቦቹም ሁልጊዜ የታሰሩ መሆን አለባቸው።

የነዳጅ ኬብሉ

ይህ ኬብል የፍጥነት መጨመሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ግን ካምቢዮው ውስጥ ያለውን የዘይት ግፊት መወሰን ነው፦ ሹፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ግፊቱ ከፍ ብሎ የካምቢዮውን ፍሪክሽኖች አጥብቆ እንዲይዛቸው ያደርጋል። ኬብሉ ልል ከሆነ ማርሹ በጣም ለስላሳ ሆኖ ይገባል፤ ሹፌሩም «እንዴት ያለ ምቹ ካምቢዮ ነው!» ይላል። እውነቱ ግን ፍሪክሽኖቹ ጉልበት ተሸክመው እየተንሸራተቱ መቃጠላቸው ነው፤ የጣርማበርን ዳገት ሁለትና ሦስት ጊዜ ከወጣ በኋላ ዘይቱ ጠቁሮ ይወጣል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ማርሽ የሚለውጠው ዘግይቶና እየመታ ነው። ሁለቱም ስህተት ነው፤ የመጀመሪያው ግን ካምቢዮ ይገድላል።

ልኩ እንዲህ ይወሰዳል። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ። መጀመሪያ የፖምፓው ክንድ እስከ መጨረሻ ማቆሚያው መድረሱን ይዩ፤ ፔዳሉ ራሱ አጥሮ ካልደረሰ እሱን ያስተካክሉ። ከዚያ የኬብሉን ጎማ ሽፋን ጫፍና ኬብሉ ላይ የተጨፈለቀችውን ትንሽ የብረት ማቆሚያ ይመልከቱ። ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሁለቱን ዳዶዎች እያላሉ ያስተካክሉና ያጥብቁ። ፔዳሉ ሲለቀቅ ኬብሉ ሳይያዝ ሙሉ በሙሉ መመለሱንም ያረጋግጡ። መጎተቻውን ራስዎ የሚሠሩ ከሆነ ከክንዱ መሐል ያለውን ርቀት ከለጋሹ ጋር እኩል ያድርጉ፤ አጭር ክንድ ኬብሉን በከፊል ብቻ ስለሚስበው መጨረሻው ላይ ልኩ ትክክል ቢመስልም መሐል ላይ ግፊቱ ያንሳል ወይም ይበዛል።

ማቀዝቀዣው

የማንዋል መኪና ራዲያተር የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የለውም። አንዳንዱ ሁለቱን ቱቦ በአጭር ጎማ አገናኝቶ መንገድ ይወጣል፤ ያ ካምቢዮ ደብረ ሲና ሳይደርስ ይሞታል።

ለዚህ አካባቢ ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ማቀዝቀዣ መግጠም ነው። ዘይቱ ከካምቢዮው ወጥቶ መጀመሪያ በአውቶማቲኩ ራዲያተር ውስጥ ባለው ማቀዝቀዣ ያልፋል፣ ከዚያ ከራዲያተሩ ፊት ወደ ተሰቀለው የውጭ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። የውጭው ብቻ ቢሆን ምን ይጎዳል? በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ጠዋት ውርጭ ነው። ራዲያተሩ ከሌለበት ዘይቱ ረጅም መንገድ ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ይቆያል፣ ነዳጅም ይበላል። ራዲያተሩ ዘይቱን ጠዋት ያሞቀዋል፣ ከሰዓት ዳገት ላይ ያቀዘቅዘዋል። የራዲያተሩ ብቻ ቢሆን ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነሥቶ በሁለተኛ ማርሽ ሽቅብ ለሚወጣ መኪና አይበቃም።

የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ይግጠሙ፤ ሴንሰሩ ከካምቢዮው በሚወጣው ቱቦ ላይ ይሁን። ከ80 እስከ 95 ዲግሪ የተለመደ ነው። 120 ከደረሰ ማርሽ ቀንሰው የሞተሩን ዙር ከፍ ያድርጉ፤ ኮንቨርተሩ የሚንሸራተተው ሞተሩ ሲጨናነቅ ስለሆነ ዙሩ ሲጨምር ሙቀቱ ይቀንሳል። 130 ከደረሰ ዳር ይዘው ያቁሙ፣ ኤን ላይ አድርገው ሞተሩን ሳያጠፉ ዙሩን በትንሹ ከፍ አድርገው ያቀዝቅዙ። ቢያጠፉት ዘይቱ መዞሩን ያቆምና ሙቀቱ እዚያው ይቀራል።

የጎማ ቱቦው ለትኩስ ዘይት የተሠራ ይሁን፤ የነዳጅ ጎማ ይለሰልስና ያፈተልካል። የብረት ቱቦው ጫፍ ጉብታ ይኑረው፣ ክላምፑ ከጉብታው ጀርባ ይጥበቅ። አሮጌ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ካምቢዮ የመጣ ከሆነ አጥበው አይጠቀሙበት፤ ብናኙ ከውስጡ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ከፍታው ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ አዲስ መሆኑ ለሞተሩም ለካምቢዮውም ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪክና ፔዳል

መኪናው በፒ እና በኤን ብቻ መነሳት አለበት። የማስነሻ ስዊቹ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው ሪሌ በሚሄደው ሽቦ መሐል ይገባል። አንዳንድ ኤሌክትሪሲስት ጊዜ ለመቆጠብ በቀጥታ ያገናኘዋል፤ መኪናው ዲ (ወደ ፊት መሄጃ) ላይ ሆኖ ቢነሳ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ይደፋዋል። ይህን ማንም አቋራጭ እንዳያደርግ ይቁሙበት። የኋላ መብራቱን፣ የኦቨርድራይቭ (የመጨረሻው ፈጣን ማርሽ) ቁልፉንና የኮምፒዩተሩን መሥመር እያንዳንዱን በራሱ ፊውዝ ያገናኙ። ካምቢዮው ላይ ያሉትን ሽቦዎች ከማርሚታው ያርቁ።

የፍሪሲዮን ፔዳሉን፣ የላይና የታች ፖምፓውን ያውጡ፣ ቀዳዳውን ይድፈኑ። የፍሬን ፔዳሉ ሰፊው ይሁን። የፍሪሲዮን ፔዳል ባዶውን ከቀረ የለመደው የግራ እግር ይፈልገዋል።

ዘይት መሙላትና የመጀመሪያው ሙከራ

ባዶ ካምቢዮ 15 ሊትር ገደማ ዴክስሮን የተባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይወስዳል፤ ኮፓው ሲፈስ ግን የሚወጣው 6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። 16 ሊትር ያዘጋጁ። ሞተሩ ሳይነሳ 6 ሊትር በመለኪያው ቱቦ ይሙሉ። ሞተሩን አስነሥተው ወዲያው 3 ሊትር ይጨምሩ፣ ዙር አይስጡ። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ፣ ፍሬን ተረግጦ ዘንጉን ከፒ እስከ ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ) እያንዳንዱ ላይ ትንሽ እያቆዩ ይውሰዱና ወደ ፒ ይመልሱ፤ ዘይት ይለኩ፣ ይጨምሩ፣ ይድገሙ። የመጨረሻው ልክ የሚታመነው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ በመለኪያው «ትኩስ» መሥመር ነው። ከልክ በላይ መሙላት ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም።

ዘይቱ ሲሞቅ ጎማዎቹን መሬት ላይ አድርገው በታኮ ያስደግፉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። ከኤን ወደ ዲ ሲያስገቡ መኪናው እስኪሸከም ከ0.7 ሰከንድ፣ ወደ አር (የኋላ ማርሽ) ሲያስገቡ ከ1.2 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ዲ ዘግይቶ አር ፈጥኖ ከገባ የፊት ፍሪክሽኑን፣ ሁለቱም ከዘገዩ የዘይት መጠኑንና ኬብሉን ይመርምሩ። ፍሬን ረግጦ ሙሉ ነዳጅ የሚሰጥበትን ሙከራ (ስቶል ቴስት) ካደረጉ ከ5 ሰከንድ አያስበልጡ። ደብረ ብርሃን ላይ የሚያነቡት ዙር ከመጽሐፉ ያንሳል፤ ሞተሩ በከፍታው ስለደከመ እንጂ ካምቢዮው ተበላሽቶ አይደለም። ከመጽሐፉ ከበለጠ ግን አንዱ ፍሪክሽን እየተንሸራተተ ነው።

መንገድ ላይ የሚታዩ ችግሮች

ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲለውጥ ዙሩ ባዶውን ሽቅብ ከተወረወረ ወዲያው ያቁሙና ኬብሉን ይለኩ። ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ መኪናው በሸካራ መንገድ እንደሚሄድ ከተንቀጠቀጠ ዘይቱ አርጅቷል ወይም የቁልፍ ፍሪክሽኑ ተበልቷል። ቤል ሃውሲንጉ ሥር ቀይ ዘይት ከታየ የፊት ፓራኦሊዮው ነው፤ ጥቁር ከሆነ የክራንክ ሻፍቱ ነው። ዲ ላይ ቆሞ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ሚኒሞውን በትንሹ ከፍ ያድርጉ። ቀዝቃዛ ጠዋት ከአንደኛ ለመውጣት ቢዘገይ ዘይቱ ስላልሞቀ ነው፤ ዙር በመስጠት አያስገድዱት።

ጣርማበርን ሲወርዱ ዋሻውን እንዳለፉ ኦቨርድራይቭን ያጥፉና ወደ 2 ያውርዱ፤ ጭነት ካለ ከዚያ በታች። ዲ ላይ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን አይዝም፤ የሚይዘው ኤል ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ወደ ጀማ ወይም ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ ሪዶታን ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ መኪናው ቆሞ ያስገቡ። ሪዶታው ኤን ላይ ከተተወ ፒ መኪናውን አይዝም፤ ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሲቆሙ የእጅ ፍሬንና ታኮ አይርሱ።

ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮፓውን አውርደው ማግኔቱን ይዩ፣ የወጣውን ዘይት በአዲስ ይተኩ። ከዚያ በኋላ በዚህ መልክዓ ምድር በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ።

አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ አይነሳም። በውርጭ ጠዋት መሐል ሜዳ ላይ ባትሪው ከደከመ ወይም ካንዴሌታው ካልሠራ የሚገፋ ሰው ቢሰበሰብም ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ባትሪው ጥሩ፣ ስድስቱም ካንዴሌታ የሚሠሩ ይሁኑ፣ የማስነሻ ገመድም አይለይዎ። የሚጎተት ከሆነም ሞተሩ ጠፍቶ ፖምፑ ስለማይሠራ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይዞራል፤ ሁለቱንም ፕሮፔለር ሻፍት ፈትተው ይጎትቱት ወይም በጭነት መኪና ላይ ያውጡት። ለዚህም 14 እና 17 ቁልፍ ከመቀመጫው ሥር ይኑርዎት።